ወሬኛ ጎረቤት ይስጣችሁ

ባለፈው ዓመት ሌባ አግዣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረጃ ስወርድ ሁለት ወጣቶች ፍሪጅ ተሸክመው ከአራተኛ ፎቅ ሲወርዱ አገኘኋቸው። መታጠፊያው ላይ ፍሪጁ አልዞር ብሏቸው ላባቸው ይንቆረቆራል። «አባቴ፣ እስቲ ይቺን ጫፍ ያዝ ያድርጉልን» አለኝ አንደኛው፣ በትሕትና። ያዝኩላቸው። እስከ ታች ድረስ አብሬ ወረድኩ። እንዲያውም «ቀስ፣ ቀስ፣ ግድግዳው እንዳይልጠው» እያልኩ መመሪያ ሁሉ ሰጥቻለሁ። ታች አይሱዙ ቆሟል። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የልጆቹ ብስክሌት ሳይቀር ተጭኗል። የግቢው ጥበቃ ሸራውን ሲያስሩ ረዳቸው። «እግዜር ይስጥልን አባቴ» ብለውኝ ሄዱ። እኔም አሜን አልኩ።

ማታ የአራተኛ ፎቋ ሴት ከሥራ ስትመለስ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ፖሊስ መጣ። ጠየቀ። ዕቃው ሲጫን ያየን ሰዎች ብዙ ነበርን። ሁላችንም አንድ ቃል ሰጠን፦ «ቤት የሚቀይሩ መስሎን!» ፖሊሱ ወደ እኔ ዞሮ «የሴትዮዋ ስም ማን ይባላል?» አለኝ። አላውቅም። «የት ነው የምትሠራው?» አላውቅም። «ስንት ቤተሰብ ናቸው?» ሁለት ልጆች ሳይኖሯት አይቀርም፤ ኮቴያቸውን ጣሪያዬ ላይ እሰማለሁ። አራት ዓመት ከሥሯ ኖሬያለሁ! ስንት ዘመን የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኜ፣ በልብ ወለድ ውስጥ ያለች ሴት ለምን እንዳለቀሰች ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው፣ ከራሴ ጣሪያ በላይ ያለችውን ሴት ስም አላውቅም።

ያን ዕለት ማታ አዴ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ቢኖሩ እነዚያ ልጆች የመጀመሪያውን ደረጃ እንኳ አይወጡም ነበር።

የተወለድኩት አሰበ ተፈሪ ነው። ዛሬ ጭሮ ትባላለች፤ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከተማዋን የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። «የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን፣ በአማርኛ የመጀመሪያው የሆነውን ተውኔት የጻፉትም እሳቸው ናቸው። አውሬዎችን እያናገሩ የመንግሥትን ጉድለት ስለ ነቀፉ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። ክፍል ውስጥ ይህን ባስተማርኩ ቁጥር «የእኔን ከተማ የመሠረቷት ሰው እኮ ናቸው» ማለት ይቀናኝ ነበር። ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይስቁብኝ ነበር።

ቤታችንና የአዴን ቤት የሚለየው የቁልቋል አጥር ነበር። አጥሩ መካከል አንድ ቀዳዳ አለ። እሳት በዚያ ይሻገራል፤ ጨው፣ ወንፊት፣ የቡና ቁርስ በዚያ ይሻገራል። ከሁሉ በላይ ግን ወሬ በዚያ ይሻገራል። «አዴ» በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ከኋላው ስም ይከተለዋል። ሰፈሩ ግን የእሳቸውን ስም ትቶ «አዴ» ብቻ ይላቸው ነበር። እኛ ልጆች በሌሉበት «የጀርመን ድምፅ» እንላቸዋለን። የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ እንኳ በቀን የሚናገረው በሰዓቱ ነው። የአዴ ሥርጭት ግን ሰዓት አልነበረውም።

እናቴ ምን ወጥ እንደሠራች ከሽታው ያውቃሉ። አባቴ ደመወዝ የተቀበለበትን ቀን ከአረማመዱ ያውቃሉ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ኋላ ላይ ተንጠልጥዬ ጥቂት ሜትር ሄድኩ። ወርጄ፣ አቧራዬን አራግፌ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ቤት ስገባ እናቴ አለንጋ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። በእግሬ ብሮጥ እንኳ አልቀድመውም ነበር።

የአዴ ቤት መስኮት ወደ መንገዱ ያያል። በሰፈሩ የማያውቁት ሰው ካለፈ ብቅ ይሉና ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ? ማንን ፈልገህ ነው?» በዚሁ ቅደም ተከተል። አንድ ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን እኛ ለገብርኤል ንግሥ ቁልቢ ሄደን ሳለ አንድ ሰው በአጥራችን በኩል ሊገባ ሲል አዴ ብቅ አሉ። ሰውዬው የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰ። ሁለተኛው ላይ ተንተባተበ። ሦስተኛው ሳይጠየቅ እግሬ አውጪኝ አለ። እኛ ስንመለስ የሰውዬውን መልክ፣ የጫማውን ዓይነትና የሮጠበትን አቅጣጫ በዝርዝር ተነገረን።

እንዲህ ያለው ጠያቂነት የአዴ ብቻ አልነበረም። የእኛ አገር ከተሞች የመንገድ ከተሞች ናቸው። ሚኤሶ የባቡር ነች። ሂርና ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄደው መንገድ ላይ ተቀምጣለች። በዴሳና ገለምሶ ቡናና ጫት ጭኖ የሚወጣ መኪና አይጠፋባቸውም። የማያውቁት ሰው በየቀኑ ይመጣል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። በቡና ላይ ይጠይቃል፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ይጠይቃል፣ በእድርና በአፎሻ ይጠይቃል። ከሚኤሶ ቁልቁል ወደ አዋሽ በረሃ ሲወረድ ያሉት አፋሮች ደግሞ ነገሩን ሥርዓት አበጅተውለታል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ «ዳጉ» ይሉታል። ውሃ የት እንዳለ፣ ግጭት የት እንደተነሣ የሚታወቀው በእሱ ነው። ወሬ በእነሱ ዘንድ ነውር አይደለም፤ ግዴታ ነው።

ነገሩን አሳምሬ ብቻ አላወራም። በዚያ ሰፈር ወሬ ሰው በልቷል። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ከአንድ ሾፌር ጋር ቆማ ስታወራ ታየች ተባለ። የታየችው አንድ ቀን ነው፤ የተወራው ግን አንድ ዓመት ነው። እጮኛዋ ቀረ፣ እሷም ከከተማ ወጥታ አልተመለሰችም። ያን ወሬ ማን እንደጀመረው አላውቅም። አዴ እንዳልነበሩበት ግን መማል አልችልም።

እዚህ ድረስ ያወራሁት ወሬ ወደ እናትም ሄደ ወደ እጮኛ፣ ከሰፈር ሳይወጣ በነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተለወጠ።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ብዙ ሰው አዋጁን የሚያስታውሰው በተወረሰው ቤት ነው። አዋጁ ግን ቀበሌንም ወልዷል። በ1969 መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 104 ተከተለና የቀበሌ ሥልጣን ሰፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ ያነገቱ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በየሰፈሩ ታዩ። የጎረቤት ወሬ ከቡና ረከቦት ተነሥቶ የሚደርስበት አዲስ አድራሻ አገኘ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ጦርነት መጣ። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ወረረ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ተጠቃች፣ መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች። ወደ ምሥራቅ የሚዘምተው ወታደርና ሚሊሺያ በእኛ ከተማ ያልፋል። «ሰርጎ ገብ» የሚባል ቃል ከሁሉም አፍ ላይ ነበር። በእኛ ቀበሌ እንግዳ የተቀበለ ሰው ማስመዝገብ ነበረበት። የጥበቃ ጓዶቹ መንገደኛውን አስቁመው የሚጠይቁት ጥያቄ ለእኔ አዲስ አልነበረም፦ የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ? ማንን ፈልገህ ነው? የአዴ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩ። አሁን ግን መልሱን ያላወቀ የሚሄደው ወደ ቤቱ አልነበረም።

ኅዳር ላይ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ሳለ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም በሌሊት ቤታችን ገባ። አዲስ አበባ ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ ተይዘዋል፣ የተገደሉም አሉ። አባቴ አንድ ቃል ሳይናገር ጓዳ ያለውን የማሽላ ጆንያ ከግድግዳው አራቀና ቦታ አበጀለት። እናቴ እኔንና እህቴን አስቀምጣ እንዲህ አለችን። «ለማንም አትናገሩም። ከሁሉ ከሁሉ ግን አዴ እንዳይሰሙ!»

የአጥሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፈነችው። አዴን ቡና መጥራት አቆመች። አሁን ሳስበው ከዚህ የበለጠ ዜና አልነበረም። ሃያ ዓመት ክፍት የነበረ ቀዳዳ ሲደፈን የማይጠረጥር ጎረቤት የት ይገኛል?

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሊመሽ ሲል አራት ጓዶች መጡ። «እንግዳ አላችሁ ተብሏል። ከወትሮው በላይ እንጀራ ይጋገራል ተብሏል» አሉ። እናቴ አፏ ተሳሰረ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እኔ ዐይኔን ከጓዳው በር ላይ ለማንሣት ስታገል ትዝ ይለኛል።

በዚህ መሀል አዴ በግቢው በር ገቡ። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምንድነው እሱ? እንጀራ ነው? እንጀራው የእኔ ነው! ምጣዴ ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምትጋግርልኝ እሷ ናት። ወላሂ!» አሉ። ከዚያ ወደ አንደኛው ልጅ ዞሩ። «አንተ፣ እናትህ ወገቧን እንዴት ሆነች? ያን ቅባት አሸችው?» ልጁ ጠመንጃውን ወደ ኋላ አደረገና «ተሽሏታል አዴ» አለ፣ እንደ ተማሪ። ሌላው አላመነም። ሄዶ የአዴን ማድቤት አየ። ምጣዱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ጉልቻው አጠገብ ወድቋል። ተመልሶ ለጓዶቹ ነገራቸው። ጓዳችንን ሳያዩ ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን አጎቴ በአዴ ዘመድ የቡና መኪና፣ ከጆንያ መሀል ተቀምጦ ወደ ገለምሶ ሄደ። ተረፈ። ኋላም መምህር ሆኖ፣ ልጆች ወልዶ፣ በአልጋው ላይ አረፈ። እናቴ ቆርቆሮውን ከአጥሩ ነቀለችው። ስለዚያ ምሽት ግን በሁለቱ ሴቶች መካከል አንድም ቃል ሲነገር አልሰማሁም።

እናቴ በ1990 ዓ.ም. ስታርፍ እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበርኩ። በሰልስቱ ማግስት አዴ አጠገቤ ተቀመጡ። አርጅተዋል፤ ዐይናቸው ደክሟል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ እናትህ ሳትሰማው ሄደች። ያኔ ነገሩን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ተንኮል አልነበረኝም። ቡና ላይ ‹ዘንድሮ የእነሱ ቤት እንጀራ በረከተ› ብዬ ቀለድኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ባል ጥበቃ ነበር። ቤቴ ስገባ ትዝ አለኝና እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ወዲያ ከመስኮቱ አልተነሣሁም። ሲመጡ ባየሁ ጊዜ ምጣዴን በሙቀጫ ዘነዘና ሰበርኩት። ወላሂ ልል ነበርና፣ ምጣዱ እንኳ እውነት ይሁን ብዬ። ሦስት ሳምንቱ ግን ውሸት ነው። ለእሱ ጾሜያለሁ። ለምላሴ የሚሆን ጾም ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።»

ምን እንደምመልስ አላወቅኩም። እጃቸውን ሳምኩ። እሳቸውም ቀጠሉ፦ «ከዚያ ወዲህ ማየት አልተውኩም። ዐይን ምን ይደረጋል? ያየሁትን ግን መጀመሪያ ለባለቤቱ ነው የምናገር።»

ስንት ዘመን ያነበብኩት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ትምህርት አልሰጠኝም። አማርኛችን ለነገሩ ሁለት ስም አለው። አንዱ «ወሬኛ» ነው፣ ሌላው «ጆሮ ጠቢ»። የሁለቱም ዐይን አንድ ነው፣ ጆሮአቸውም አንድ ነው። ሁለቱም መስኮት ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱም እንጀራ ይቆጥራሉ። የሚለዩት ያዩትን ይዘው በሚሄዱበት በር ነው። አስቸጋሪው ነገር ወሬኛው ሳያስበው፣ እየሳቀ፣ ስኒ በእጁ ይዞ የጆሮ ጠቢን ሥራ ሊሠራ መቻሉ ነው። አዴ አንድ ጊዜ ሠርተውታል። ደግነቱ መልሰው የሚሮጡበት ጊዜ አገኙ። ያላገኙ ስንት አሉ?

ይህ የደርግ ዘመን ታሪክ ነው ብለን የምንተወው አይደለም። ደርግ ከሄደ በኋላም «አንድ ለአምስት» ተብሎ ጎረቤት ከጎረቤት ተደራጅቷል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ በኦሮሚያ ከተሞች ሁከት ሲነሣ የ123 ሰዎች ሕይወት እንዳለፈ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። የዚያን ሰሞን ማን የት እንደሚኖር፣ ምን እምነት እንዳለው፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ያንን ዕውቀት ይዘው ጎረቤታቸውን በጓዳቸው ደብቀው ያተረፉ ብዙዎች ነበሩ። ያው ዕውቀት ለአጥቂ ሲደርስ ደግሞ ቤት ይቃጠልበታል። ጥቅምት 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ አዲስ አበባ ውስጥ «ፀጉረ ልውጥ ጠቁሙ» ሲባል፣ በብሔር ማንነት ላይ የተመሠረተ የሚመስለው እስር እንዳሳሰበው ይኸው ኮሚሽን ገልጾ ነበር። በየሕንፃው የጎረቤታቸውን ስም የማያውቁ ሰዎች፣ የጎረቤታቸውን ብሔር ግን ያውቁ ነበር። ስም ሳይጠየቅ የሚታወቅ ብሔር ምን ዓይነት ዕውቀት ነው?

ታዲያ መፍትሔው እንደ እኔ ሕንፃ፣ ማንም ማንንም ባለማወቅ መኖር ነው? ጄን ጄከብስ የምትባል ጸሐፊ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ከተሞች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የመንገድን ደኅንነት በመጀመሪያ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን ከመስኮትና ከሱቅ ደጃፍ የሚያይ የሰፈር ሰው ዐይን ነው ብላ ተከራክራለች። ሳነበው ስለ አዴ የተጻፈ መሰለኝ። እኛ ግን የብረት በር ገጠምን፣ ጥበቃ ቀጠርን፣ መስኮታችንን በመጋረጃ ጋረድን፤ ይኸው ፍሪጅ አሸከሙን። ሰላም የሰጠን የመሰለን ነገር ለሌባም ሰላም ሰጥቶታል።

ከዚያ ስርቆት በኋላ እኔም ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ አንድ ወጣት ትልቅ ሻንጣ ይዞ ደረጃውን ሲወጣ አገኘሁት። ልቤ እየመታ «የማን ልጅ ነህ?» አልኩት። ደነገጠ። «ከየት መጣህ? ማንን ፈልገህ ነው?» አልኩ፣ በቅደም ተከተሉ። «አባት፣ ምን አገባዎት?» አለኝ። ልክ ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በዚህ አገር ስንት ሰው በዚህ ጥያቄ ተጎድቷል። «ሌባ አግዤ ስለማውቅ ነው» አልኩና ታሪኩን ነገርኩት። ሳቀ። የአራተኛ ፎቋ ሴት ወንድም ነው፤ ከአዳማ መምጣቱ ነው።

እሷ አልነበረችም። እኔ ቤት ቡና ጠጥቶ፣ ሻንጣውን ትቶ ወጣ። ማታ ኮቴዋን ስሰማ ወጥቼ በሯን አንኳኳሁ። ለጥበቃው አልነገርኩም፣ ለታችኞቹም አልነገርኩም። «ወንድምሽ መጥቶ ነበር፤ ሻንጣው እኔ ጋ ነው። ስልክሽ እንቢ ብሎት ነው» አልኳት። ለቅጽበት ግራ ተጋብታ አየችኝ። ከዚያ «ይግቡ እንጂ» አለችኝ። በአምስተኛው ዓመት ስሟን ነገረችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ደረጃ ላይ አገኘችኝና «ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስሉ ነበር። ሐኪም አይተዋል?» አለችኝ። መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለኝ። ሳሌን ማን ቁጠሪ አላት? አንድ ደረጃ ወርጄ ግን ፈገግ አልኩ።

ወሬኛ ጎረቤት ይስጣችሁ። ያየውን መጀመሪያ ለእናንተ የሚነግር።